የአንድ ጋራዥ ርዝመት በረራ

በብርዱ ወራት አጋማሽ፣ ነገር ሁሉ ከመለወጡ በፊት፣ እህቴ ጋራዥ ውስጥ የነበረው ይህ ነው። በግራ በኩል የአንድ አውሮፕላን ገላ ቆሟል፤ ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ በጎማ ፋንታ በረዶ ላይ በሚንሸራተት ስኪ ላይ የተቀመጠ። በቀኝ በኩል፣ መኪና መቆም በሚገባው ቦታ፣ ሁለቱ ክንፎች በአራት ካቫሌቶ፣ በእንጨት መደገፊያዎች ላይ ተጋድመዋል። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ፣ ሞተር መኖር በነበረበት ቦታ፣ አራት ቡሎኖች ፈጠው ይታያሉ፤ አንደኛው ላይ እህቴ የመኪናዋን ቁልፍ ታንጠለጥላለች። ከጣሪያው ወራጆች ላይ ደግሞ ያላለቀ ታንኳ፣ ያላለቀ የመጻሕፍት መደርደሪያና ልጆቿ ካደጉ ወዲህ ማንም ያልነካው የበረዶ መንሸራተቻ ተሰቅለዋል። የእህቴ መኪና ውጭ ናት። ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነው።

እህቴ ማርሊስ ትባላለች። ባሏ አርደን ትቬት በሰሜን ሚኔሶታ የገጠር መንገዶች ላይ ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አውሮፕላኑን መሥራት ከጀመረ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። የጎደለው ሞተር ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የሣር ማጨጃ ሞተር ገጥሞለት ከጋራዡ በር እስከ ፖስታ ሣጥኑ ድረስ ሄዷል። መንገዱ ቁልቁለት ነው።

“ክንፎቹን ለምን ጣሪያው ላይ አትሰቅላቸውም?” ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ። “መኪናዋ ትገባ ነበር እኮ።”

አርደን ቀና ብሎ ታንኳውን አየ። “እዚያ የወጣ ነገር ወርዶ አያውቅም፣” አለኝ።

በአንድ እሑድ ጠዋት ማርሊስ ከመዘምራን ጋር ልትዘምር ስትወጣ አራቱም የመኪናዋ በሮች በበረዶ ተጣብቀው አልከፈት አሉ። የተከፈተው የኋላው የዕቃ መጫኛ ብቻ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ቀሚሷ በዚያው ገባች። እኔ የመዝሙር መጽሐፏን ይዤ ቆሜያለሁ።

“ሎዌል፣” አለችኝ ከኋላው ወንበር ላይ ተንበርክካ፣ “ጫማዬን አቀብለኝ። አንድ ቃል ትንፍሽ ብትል ግን ወንድሜ መሆንህን እረሳዋለሁ።”

አቀበልኳት። ጫማው በረዶ ሞልቶት ነበር።

ምሳ ላይ ድንችና ሥጋው ከምድጃ ወጥቶ ገና ሲጨስ፣ “አርደን፣” አለች።

“እህ።”

“ሹካህን አስቀምጥ።”

አስቀመጠ።

“ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። ዛሬ እግዚአብሔር ቤት የሄድኩት እንደ ድንች ጆንያ በመኪና ኋላ ተጭኜ ነው።”

“በሩን በፀጉር ማድረቂያ እኮ ላቀልጥልሽ—”

“የፀጉር ማድረቂያዬ ሙጫ በሙጫ ሆኖ የት እንዳለ ታውቃለህ።”

አርደን አወቀ። ክንፉ ሥር ነበር።

“ስማኝ፣” አለች ማርሊስ፣ “የዓሣ ማጥመጃ ጎጆዎቹ ከሐይቁ በረዶ ላይ እስከሚነሡበት ቀን ድረስ አውሮፕላንህ ይብረር። ካልበረረ ከጋራዤ ይወጣል። ሃርላን ቡና ቤቱ ጣሪያ ላይ ልስቀለው እያለ ሲለምንህ ኖሯል፤ ይውሰደውና ይስቀለው።”

ሃርላን ግሪንዴ ሐይቁ ዳር መጠጥ ቤት አለው። ጣሪያው ላይ የተሰቀለ ጀልባ፣ የተሰቀለ ማረሻና የተሰቀለ የአጋዘን ግማሽ አለው። አርደን የሃርላንን ጣሪያ በዓይነ ሕሊናው ሲያየው ፊቱ ላይ ታየኝ።

እኔ የመሬት ቀያሽ ነበርኩ፤ እንዲህ ዓይነት ስምምነት መለኪያ ሳይኖረው ሲቀር አይሆንልኝም። “መብረር ማለት ስንት ነው?” አልኩ።

ማርሊስ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። “አንድ ጋራዥ። የወሰደብኝን ያህል ይብረር። ከበረዶው ተነሥቶ የጋራዤን ርዝመት ከሄደ በቃኝ፣ እስክሞት ድረስ በዕቃ መጫኛው እገባለሁ። አንተ ትለካለህ።”

“ሞተር እኮ የለውም፣” አለ አርደን ቀስ ብሎ። አባባሉ ደህና ነበር፤ ያበላሸው ዓይኑ ነው። በመስኮቱ አሻግሮ የማርሊስን የበረዶ ሞተርሳይክል አየው። ከፊቱ ሁለት ስኪ፣ ከሥሩ ሰፊ የጎማ ሰንሰለት ያለው፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ዘይት የተቀላቀለ ቤንዚን የሚጠጣ ማሽን ነው። ማርሊስ በዚያ ላይ ሆና ሐይቁን ስታቋርጥ ሰው መንገድ ይለቅላታል።

“አይሆንም፣” አለች።

“ምን አልኩ?”

“ያየኸውን አየሁ።” ጥቂት ድንች በላች። ከዚያ ሹካዋን አነሣችበት። “ውሰደው! ኋላ ‘ማርሊስ ሞተር ከልክላኝ ነው እንጂ’ እያልክ ስታላዝን እንድሰማህ አልፈልግም። ግን አንድ ሽቦ አትቆርጥም። አንድ! ከነመብራቱ፣ ከነእጅ ማሞቂያው፣ ከነምኑ እንደወጣ ይመለሳል። ለሚመጣው ብርድ መጀመሪያ ሞተሬን ሙሉ በሙሉ እፈልገዋለሁ።”

እንግዲህ እንዲህ ሆነ። ሞተሩን አውጥተን በአጋዘን መመዘኛው ሚዛን ላይ ሰቀልነው፤ ሠላሳ ስምንት ኪሎ። መጀመሪያ የገጠመን ችግር ፍጥነቱ ነው። ይህ ሞተር ጉልበቱን የሚሰጠው በጣም ሲፈጥን ነው፤ አፍንጫው ላይ የሚዞረው ፕሮፔለር ደግሞ እንደዚያ ቢፈጥን ከመጮህ በቀር ሥራ የለውም። ስለዚህ በሞተሩ ላይ ትንሽ መዘውር፣ ፑሊ የሚሉትን፣ በፕሮፔለሩ ላይ ትልቅ ፑሊ አድርገን በሰፊ ቺንጋ አገናኘናቸው። ሞተሩ ሦስቴ ገደማ ሲዞር ፕሮፔለሩ አንዴ ይዞራል።

ሁለተኛው ማቀዝቀዣው ነው። በሞተርሳይክሉ ላይ ሰንሰለቱ የሚረጨው በረዶ ነበር ውኃውን የሚያቀዘቅዘው። በአየር ላይ በረዶ የሚረጭ የለም። አርደን ከተጣለ አውቶቡስ ላይ የተሳፋሪ ማሞቂያውን ራዲያተር አመጣ። ያመጣበት መንገድ ደስ አላለኝም፤ ራዲያተሩ ግን ልክክ አለ።

ሦስተኛው ክብደቱ ነው። ሞተሩ፣ ፑሊዎቹና ራዲያተሩ ተደምረው አፍንጫውን ወደ ታች ስለ ደፉት ጭራው ላይ ስድስት ኪሎ ተኩል መጨመር ነበረበት። የእርሳስ ብረት ፈለግን፤ አጣን። ማርሊስ ከማቀዝቀዣዋ ከሐይቁ ያጠመደቻቸውን ሦስት ትልልቅ ዓሦች አወጣች። እንደ ግንድ ደርቀዋል። ስመዝናቸው ስድስት ኪሎ ከስድስት መቶ ሆኑ። ከጭራው ውስጥ በገመድ አሰርናቸው።

“ካልበረረ፣” አለች ማርሊስ፣ “ዓሦቼም ይመለሳሉ።”

የተጨቃጨቅንበት አንድ ነገር ብቻ ነው። አርደን ከሞተርሳይክሉ መሪ ላይ የግራውን እጀታ ከነመቀያየሪያዎቹ ነቅሎ አውሮፕላኑ መንጃ ዘንግ ላይ ገጠመው።

“ይሄ ምን ያደርጋል?” አልኩት። “ግማሽ ኪሎ ክብደት ነው። የመብራት መቀያየሪያ፣ የእጅ ማሞቂያ፣ ይሄ ቢጫው ደግሞ ወደ ኋላ መሄጃው ነው። አውሮፕላን ወደ ኋላ አይሄድም።”

“ሽቦ አይቆረጥም ተብለናል።”

“ሽቦው ይቀመጥ፣ እጀታውን ጠቅልለህ ወንበሩ ሥር እሰረው።”

አርደን አዘነብኝ። “ሎዌል፣ በዚህ ብርድ እጅ ማሞቂያ ሳይኖረኝ ብረር ነው የምትለኝ? ሰው ነህ?”

እዚህ አገር ማንም ሰው እንዲህ ከተባለ በኋላ አይከራከርም። እጀታው ባለበት ቀረ።

እንደዚህ ያለ ሞተር የኋላ ማርሽ የለውም። ቢጫውን ቁልፍ ሲጫኑት ሞተሩ ሊጠፋ እስኪል ድረስ ይዳከማል፤ ከዚያ ካንዴላው ያለጊዜው ተኩሶ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ያዞረዋል፤ ከዚያ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በዚያው መዞሩን ይቀጥላል። ሰው እንዳይገጭ ደግሞ ጢ፣ ጢ፣ ጢ እያለ ይጮሃል። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን፤ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ይህን የማያውቅ በከተማው ውስጥ የለም። አብሮን የኖረ ነገር ስለሆነ ነው ያላሰብነው።

ጓሮ ውስጥ ጭራውን ከዛፍ ጋር አስረን ስናስነሣው ሞተሩ በአንድ ጊዜ ጮኸ። በገመዱ መሐል ባስገባሁት የአጋዘን ሚዛን መቶ ዐሥራ ስምንት ኪሎ ሳበ። ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የቀረው ሰበብ ብቻ ነበር። አንድ ሳምንት ንፋስ አለ ተባለ፤ አንድ ሳምንት ንፋስ የለም ተባለ። አርደን መሪውን ሁለተኛ ቀለም ቀባው። አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ ብቻውን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

“ካልተነሣስ?” አለኝ።

“ሚዛኑን አይተሃል።”

“ሚዛኑን አይቻለሁ። ካልተነሣ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት የሃርላንን ጣሪያ ማስጌጫ ስሠራ ነው የኖርኩት።”

የመጨረሻው ቀን መጣ። በዚያ ቀን ሕጉ ስለሚያስገድድ ሐይቁ ላይ ያለ የዓሣ ማጥመጃ ጎጆ ሁሉ ይነሣል፤ ሰው ሁሉ በረዶው ላይ ነው፣ አካፋ፣ ጎታች መኪና፣ ቢራ። በረዶውን በስቼ ለካሁት፤ ስድሳ ሁለት ሴንቲሜትር፤ ለአውሮፕላን ይበቃል። ንፋሱን ለካሁት፤ በሰዓት አርባ ስምንት ኪሎ ሜትር፣ አልፎ አልፎ ከስድሳ በላይ እየዘለለ። ይህ አይበቃም፤ ይበዛል።

“ዛሬ አይሆንም፣” አልኩት።

“ነገ አለ?” አለ አርደን።

ነገ አልነበረም።

ሃርላን ሜትሩን ዘርግቶ ክንፉን ይለካ ነበር። “ሹፌር!” አለ፣ “በቡና ቤቴ በር ሰያፍ ካደረግነው ይገባል። ፕሮፔለሩን ግን እንደ ማራገቢያ ልጠቀምበት፤ በጋ ላይ ደንበኞቼ ይሞቃቸዋል።”

“እጅህን አንሣ፣” አለው አርደን።

“ከቢራው ምልክት አጠገብ ነው የምሰቅልህ። ክብር ነው እኮ!”

ማርሊስ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ከአውሮፕላኑ ኋላ በኩል፣ የራሷን ጎጆ ወለል የያዘውን በረዶ ከውስጥ በመጥረቢያ ትፈለፍል ነበር። ወጥታ አላየችም። መጥረቢያው ግን አርደን ሞተሩን ሲያስነሣ መምታቱን አቆመ።

አርደን አፍንጫውን ወደ ንፋሱ አዙሮ ተቀመጠ። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ በዝግታ እንዲሠራ ተወው። ወፍራም የበግ ቆዳ ጓንት አድርጓል። ክንፉን ይዤ ስለነበር እጁን አያለሁ። ጣቶቹን አፍታታ፤ አውራ ጣቱን ወደ እጅ ማሞቂያው ላከ። ማሞቂያው ቀይ ቁልፍ ነው። ከሱ ሁለት ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ ቢጫው አለ። በጓንት ውስጥ ያለ አውራ ጣት አምስት ሴንቲሜትር ይሰፋል።

ሞተሩ ተንተባተበ። ሊጠፋ መሰለ፤ አልጠፋም።

ጢ፣ ጢ፣ ጢ።

ሐይቁ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የጎታች መኪና ድምፅ መስሎት ከመንገድ ዞር አለ። አርደን ደግሞ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ያ ድምፅ ጆሮው ሲገባ አንገቱ ራሱ ዞረ። ቀኝ ክንዱን ሊደገፍበት ወደ ሌለው ወንበር ሰቀለ፤ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ አየ፤ መንገዱ ነጻ መሆኑን አረጋገጠ፤ ጋዝ ሰጠ።

አውሮፕላኑ በጭራው መጣ።

“አርደን!” አልኩ። “ወደ ኋላ ነው!”

“እያየሁ ነው!” አለ፤ እውነትም እያየ ነበር። እንደ አውቶቡስ ቀጥ አድርጎ ይመልሰው ጀመር። ከሁለት ጎታች መኪናዎች መሐል አሳለፈው። ሃርላን ሜትሩን ጥሎ ቢራውን ይዞ ሮጠ። እኔ ክንፉን ለቅቄ የንፋስ መለኪያዬን አነሣሁ፤ ስድሳ ስምንት አነበብኩ።

ንፋሱ ከፊቱ በክንፉ ሥር ገባ። መጀመሪያ የግራው ስኪ ተነሣ፤ ከዚያ የቀኙ፤ ከዚያ ጭራው። አርደን ትቬት ከበረዶው ላይ ወደ ጉልበት ከፍታ ተንሳፍፎ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ጢ ጢ እያለ፣ ከነሦስት ዓሣው አለፈ። ሳቅ አልነበረም። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ ነፋሱ ላላ፤ አውሮፕላኑ እንደተነሣው ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ተንሸራተተ፤ ጭራው የማርሊስን ጎጆ በር ሁለት ጊዜ አንኳክቶ ቆመ።

ማርሊስ በሩን ከፈተች። መጥረቢያዋን እንደያዘች ጭራውን አየች፤ ከዚያ ከጭራው ወዲያ ዓይን ለዓይን የሚያያትን ባሏን።

“አርደን፣” አለችው፣ “ወደ ኋላ እየመጣህ ነው።”

“አውቃለሁ።”

ጢ፣ ጢ፣ ጢ።

“ሞተሬን አጥፋው።”

አጠፋው። ወዲያው ሐይቁ ሙሉ ተንጫጫ። ሃርላን ከሁሉም በላይ ጮኸ። “ይሄ በረራ አይባልም! ወደ ኋላ የሚበር ነገር የት ታይቶ ያውቃል? ወድቆ ነው እንጂ!”

“ወደ ላይ የሚወድቅ አይተህ ታውቃለህ?” አለችው ማርሊስ። “ስንት ይብረር ነው ያልኩት። ወዴት ይብረር አላልኩም። ሎዌል፣ ለካ።”

ለካሁ። የስኪው ዱካ የት እንደተቋረጠና የት እንደ ቀጠለ በረዶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። የግራው ክፍተት ሰባት ሜትር ከስድሳ ሦስት፣ የቀኙ ሰባት ሜትር ከዐሥራ ዘጠኝ። ሁለቱም ስኪዎች በአየር ላይ መሆን ስላለባቸው አጭሩን ወሰድኩ። አንድ ጊዜ ደገምኩት። አልረዘመም።

“ጋራዡስ?” አለ ሃርላን።

የጋራዡን ልክ አውቀዋለሁ፤ ስንሠራው የቀየስኩት እኔ ነኝ። ባላውቀው ደስ ባለኝ። “ሰባት ሜትር ከሠላሳ ሁለት፣” አልኩ።

ዐሥራ ሦስት ሴንቲሜትር ጎደለ። አርደን ጓንቱን አወለቀ። እጁን በቀዩ ሸራ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ወዲያው ደግሞ ከጭራው ውስጥ ዓሦቹን መፍታት ጀመረ። ሃርላን እንኳ ሜትሩን ከበረዶው ላይ አላነሣም።

“ከየት እስከ የት ነው ሰባት ከሠላሳ ሁለት?” አለች ማርሊስ።

“ከግድግዳው ውጭ እስከ ግድግዳው ውጭ።”

“እኔ መኪናዬን ከግድግዳው ውጭ ነው እንዴ ማቆም የምፈልገው? ውጭማ አሁንም ቆማለች!” መጥረቢያዋን ጎጆው ደፍ ላይ ሰካችው። “ጋራዥ ማለት ውስጡ ነው። ሂድና ውስጡን ለክተህ ና። አንተም አርደን፣ ዓሦቼን ወደ ጭራው መልሳቸው።”

ሃርላን ምስክር ልሁን ብሎ አብሮኝ ሄደ። የሜትሩን አንድ ጫፍ የያዘው እሱ ነው፤ ግድግዳው ላይ አጥብቆ ነው የያዘው። ጋራዡ ከውስጥ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ሰባት ሜትር ከስምንት ሴንቲሜትር ሆነ።

“ዐሥራ አንድ ሴንቲሜትር ተርፎታል፣” አልኩ።

ሃርላን ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ ታንኳውን አየ። “ያንንስ አይሸጠውም?” አለኝ።

በማግሥቱ ስመጣ አርደን መሰላል ላይ ቆሞ ነበር። ታንኳውን አውርዶ ለሃርላን ሰጥቶታል፤ በቦታው ሁለቱን ክንፎች ጎን ለጎን ከወራጆቹ ጋር እያሰረ ነው። በዚያ ቀን ማንም እንዲያደርገው አልጠየቀውም። ማርሊስ ከታች ሆና ገመድ ታቀብለዋለች። ሞተሩ ቡሎኖቹ ላይ እንደታሰረ ነው፤ እስከሚቀጥለው በረዶ ድረስ አያስፈልገኝም ብላለች።

“እዚያ የወጣ ነገር ወርዶ አያውቅም ብለህ ነበር፣” አልኩት።

“ይሄኛው መውረድ ያውቃል፣” አለ።

ካቫሌቶዎቹ ከተነሡ በኋላ ማርሊስ መኪናዋን ራሷ አስገባች፤ በትክክለኛው አቅጣጫ፣ አፍንጫዋን አስቀድማ። ከዚያ በሯን ከፍታ፣ ሳትወጣ፣ ለካልኝ አለችኝ፤ መጀመሪያ ክፍተቱን፣ ቀጥሎ እሷን። በመኪናዋ በርና በአውሮፕላኑ ገላ መካከል የቀረው አርባ አንድ ሴንቲሜትር ነው፤ ማርሊስ ከነወፍራም ካፖርቷ ሠላሳ ስምንት ናት።